ከማን ጋር በላህ?

የመቱና የጎሬ፣ የያዮና የበደሌ አድማጮቻችን፣

ውጭ አገር የሚማር ልጅ ያላችሁ፣ ስትደውሉ ምን ትጠይቃላችሁ? «ትምህርት እንዴት ነው? ፈተናውን አለፍክ?» ልጁ «ደህና ነኝ» ይላል። ሁሌም ደህና ነኝ ነው የሚለው። እናቱ እንዳትጨነቅ ይላል። ስልኩ ሲዘጋ ግን ብቻውን ነው። እዚያ በር አንኳኩቶ «ቡና ደርሷል» የሚል ጎረቤት የለም። ከዚህ የላካችሁለት ቡና ራሱ፣ ለብቻ ሲፈላ በረካ አይደርስም።

እስቲ ጥያቄውን እንቀይር። «ከማን ጋር በላህ? ሲያምህ ማን ይጠይቅሃል?» እንበል። መልሱ ሲዘገይ ዝም ብለን እንጠብቅ። ምክር አናብዛ። ምክር እንወዳለን፣ መቼም አይካድም።

ደግሞስ ለምን ሩቅ እንሄዳለን? መቱ ዩኒቨርሲቲ ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጡ ልጆች አሉ። የኢሉባቦርን ዝናብ አልለመዱትም። አንዳንዶቹ አፋን ኦሮሞ ገና «አካም»ን አልፈው አልሄዱም። በዓል ሲመጣ ግቢ ውስጥ ይውላሉ። የእናንተን ልጅ ባዕድ አገር ላይ ሰው እንዲጠይቅላችሁ ትመኙ የለ? እነዚህም እናት አላቸው።

ዛሬ ቡና ስታፈሉ ከነሱ አንዷን ጥሩልን።