የማሽኑ ደረሰኝ የማሽኑ አካል ነው
ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ



ዛሬ ስለ ዘርም ስለ ማዳበሪያም አልናገርም። የምናገረው ስለምትገዙት ማሽን፣ በተለይም ስለ ወረቀቱ ነው። ከእናንተ መካከል የስንዴ መውቂያ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ወፍጮ ወይም ትራክተር የገዛችሁ አላችሁ። ዘንድሮ ለመግዛት ብር የምታጠራቅሙም አላችሁ። ይህ ገለጻ በተለይ ገና ላልገዛችሁት ነው።

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎበዝ አርሶ አደር መውቂያ ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ሞተሩን አስነስተን አየን፣ ስለ መለዋወጫውም ጠየቅን። ዋጋው እስከ ማጓጓዣው 240,000 ብር ነበር። ነጋዴው «ደረሰኝ ካልፈለግህ 10,000 ብር ልቀንስልህ» አለው። አርሶ አደሩ ዞሮ አየኝ። እኔም «ማሽኑ ደህና እስከሆነ ምን ቸገረህ?» አልኩት።

ማሽኑስ ደህና ነበር። በሁለተኛው ዓመት የጎረቤት ቀበሌዎችን እየዞረ በክፍያ መውቃት ጀመረ፤ ንግድ ፈቃድ አወጣ፣ የሂሳብ መዝገብም ያዘ። ግብር ሊያሳውቅ ሲሄድ ግን «የማሽኑ ግዢ ማስረጃ የት አለ?» ተባለ። መውቂያው ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ወረቀት የለም። ወጪ የሚቀነሰው በማስረጃ ስለሆነ የማሽኑ ዋጋ ሳይቀነስለት ቀረ። ምክሩ የእኔ ነበር፣ ገንዘቡ ግን የእሱ ነው።

የትኛውን ግብር ነው የምንለው?

በራሳችሁ ማሳ ላይ ለምታመርቱት የምትከፍሉት የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ነው። እሱ የሚታሰበው በያዛችሁት መሬት ስፋት ስለሆነ፣ ለራሳችሁ ማሳ ብቻ የምትጠቀሙበት ፓምፕ ግብራችሁን አይቀንስም። ማሽኑን ለሌላ ሰው በክፍያ ስታሠሩት፣ ወፍጮ ስትከፍቱ ወይም ትራክተር ስታከራዩ ግን ንግድ ነው። ያ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የንግድ ሥራ ገቢ ግብር ይከፈልበታል። የማሽን ዋጋ የሚቀነሰው ከዚህኛው ገቢ ነው።

እንዴት ይቀነሳል?

ናፍጣ፣ የኦፕሬተር ደመወዝና ጥገና በወጡበት ዓመት ይቀነሳሉ። ማሽን ግን ከአንድ ዓመት በላይ ስለሚያገለግል ዋጋው በአንድ ጊዜ አይቀነስም። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይቀነሳል። ይህ የእርጅና ቅናሽ ይባላል። እንደ መውቂያ፣ ፓምፕና ወፍጮ ላሉት በደንቡ የተፈቀደው፣ በእኩል ዓመታዊ ቅናሽ ዘዴ ሲሠራ፣ ከግዢው ዋጋ 15 በመቶ ነው። ማጓጓዣውና መትከያው በዋጋው ውስጥ ይገባሉ፤ ስለዚህ የእነሱንም ደረሰኝ ያዙ።

በዚያው መውቂያ እናስላ። የ240,000 ብር 15 በመቶ 36,000 ብር ነው። ናፍጣው፣ ደመወዙና ጥገናው ከተቀነሰ በኋላ 120,000 ብር ቀረ እንበል። ደረሰኝ ያለው ሰው 36,000 ቀንሶ በ84,000 ብር ላይ ግብር ይከፍላል። ደረሰኝ የሌለው በ120,000 ላይ ይከፍላል። ልብ በሉ፤ 36,000ው የሚቀነሰው ከትርፉ ነው እንጂ ከግብሩ አይደለም። በዚያ የትርፍ ክፍል ላይ ያለው መጣኔ 25 በመቶ ቢሆን ልዩነቱ 9,000 ብር ይሆናል። ነጋዴው የቀነሰው 10,000 ብር በአንድ ዓመት ግብር ሊያልቅ ምን ቀረው? ቅናሹ ደግሞ ለስድስት ዓመት በዚሁ መጠን፣ በሰባተኛውም በቀሪው 10 በመቶ ይቀጥል ነበር።

ሦስት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ማሽኑ ጥር 1 ሥራ ከጀመረ ለዚያ ዓመት የሚቀነሰው የስድስት ወሩ፣ ማለትም 18,000 ብር ነው። ሁለተኛ፣ የራሳችሁንም አዝመራ የምትወቁበት ከሆነ የሚቀነሰው ለንግዱ የዋለው ድርሻ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የማንን ማሳ በየትኛው ቀን እንደወቃችሁ ጻፉ። ሦስተኛ፣ ግብራችሁ በመዝገብ ሳይሆን በቁርጥ የሚሰላ ከሆነ የማሽኑ ዋጋ ለብቻው አይቀነስላችሁም። በየትኛው ደረጃ እንዳላችሁ ከወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በግዢው ቀን ምን ታደርጋላችሁ?

1. የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ደረሰኙ ላይ ስማችሁና ቁጥራችሁ በትክክል መጻፉን ሳትወጡ አንብቡ። ማንበብ የሚያስቸግር ከሆነ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

2. የማሽኑ ዓይነት፣ የሞተር ቁጥር፣ ቀንና ዋጋ መጻፉን አረጋግጡ። «መለዋወጫ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ ነገ መውቂያ አይሆንም።

3. ከተቻለ በባንክ ክፈሉ። በብድር ከገዛችሁ የብድር ውሉንና የወለድ ክፍያ ማስረጃውን ከደረሰኙ ጋር አስቀምጡ።

4. የማሽን ደረሰኝ ቀለሙ ይለቃል። በዚያው ሳምንት ፎቶ ኮፒ አስነሡ፤ ዋናውን ከጭስና ከአይጥ የራቀ ቦታ አኑሩት።

5. ከወንድም ወይም ከጎረቤት ጋር በጋራ ከገዛችሁ ድርሻችሁን በጽሑፍ ተዋዋሉ። ደረሰኙ በአንድ ሰው ስም ብቻ ከሆነ ሌላው ማስረጃ የለውም።

6. ማሽኑን ስትሸጡም ጻፉ። በመዝገብ ከቀረው ዋጋ በላይ ከሸጣችሁት ትርፉ ገቢ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ገዝታችሁ በኋላ ከሌላ ሰው ደረሰኝ «እንግዛ» እንዳትሉ። በሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀም ወንጀል ነው፤ ከጠፋው ገንዘብ የባሰ ጣጣ ያመጣል።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። ያ አርሶ አደር ባለፈው ዓመት ፓምፕ ሲገዛ እንደገና አብሬው ሄጄ ነበር። ነጋዴው ያንኑ ቅናሽ አቀረበ። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ አላየም፤ «ደረሰኙን ጻፍ» አለው።

እናንተም እንዲሁ በሉ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።