ለመንገዱ የሚሆን መኪና
(ሆሳዕና ላይ ለተሰበሰቡ አባወራዎችና እማወራዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነጋግራችሁ ስለ ቤተሰብ መኪና አመራረጥ ነው። «መኪና የሚገዛበት ገንዘብ ያለው ማን ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ ሁሉም ሰው መኪና አይገዛም። ነገር ግን ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ልጆች ደቡብ አፍሪካ ወርደዋል። እዚያ በሱቅና በንግድ ሥራ እየደከሙ ወደ ቤታቸው ገንዘብ ይልካሉ። በዚህ ገንዘብ ቤት ይሠራል፣ ወንድምና እህት ይማራል፣ አንዳንድ ጊዜም መኪና ይገዛል። ይህ ገንዘብ በላብና በናፍቆት የተገኘ ስለ ሆነ በከንቱ መባከን የለበትም።

እኔ ብዙ ዘመን በሾፌርነትና በመካኒክነት ኖሬአለሁ። በዚህ ዘመኔ ካየሁት አንዱን ልንገራችሁ።

ከአምባሪቾ ተራራ ሥር የሚኖሩ አንድ አባት አሉ። ልጃቸው ስምንት ዓመት ደቡብ አፍሪካ ሠርቶ ገንዘብ ላከላቸው። እሳቸውም አዲስ አበባ ሄዱና ደላላ ያሳያቸውን አንዲት ዝቅ ያለች፣ ቀለሟ የሚያብረቀርቅ የቤት መኪና ገዙ። በበጋው ደህና ሄደች። ሐምሌ ሲገባ የልጃቸው ሚስት በሌሊት ምጥ ያዛት። መኪናዋ ተነሣች፤ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትሄድ ሆዷ ከመሐል ጉብታው ላይ ተቀመጠና ጎማዎቿ በባዶ መሽከርከር ጀመሩ። ጎረቤት ተጠርቶ በችቦና በባትሪ መጣ። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተጭና በጭቃው ውስጥ እስከ ጤና ጣቢያው ተወሰደች። ደግነቱ እናትም ልጅም ተረፉ።

በሳምንቱ ልጁ ስልክ ደወለ። «አባባ፣ መኪናዋ እንዴት ናት?» አለ። አባትየውም «ደህና ናት ልጄ» አሉት። እውነቱን መንገር አቃታቸው። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ መጥተው «አንተ ብትሆን ምን ትገዛ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ለእሳቸው የመለስኩትን ነው አሁን ለእናንተ የምነግራችሁ።

በመጀመሪያ መኪናውን ሳይሆን መንገዱን እወቁ። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ አድርጎ ሆሳዕና የሚገባው መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አስፋልት ነው። በአስፋልት ላይ ሁሉም መኪና ጎበዝ ነው። ፈተናው ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ቀበሌው ስንታጠፍ ይጀምራል። በዝናብ ጊዜ እንደ አይሱዙ ያሉ የጭነት መኪናዎች ጎማ አፈሩን ግራና ቀኝ ይቆፍረዋል። ያን ጊዜ መሐሉ እንደ በሬ ጀርባ ያብጣል። ትንሿ መኪና በዱካው ስትገባ ጎማዋ ይሰምጣል፣ ሆዷ ከጉብታው ላይ ይቀመጣል። አባትየው ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ስለዚህ አንድ ዱላ ይዛችሁ መንገዳችሁን በእግራችሁ ሂዱበት። ዱካው የጠለቀበትን፣ ድንጋይ የበዛበትን፣ ወንዝ የሚሻገርበትን ቦታ ለኩ። ይህንንም በበጋ ሳይሆን በክረምት አድርጉት። በጥር መንገድ አይቶ መኪና የሚገዛ ሰው ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ እንደ ገባው በሬ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የመኪናውን ሆድ ከመሬት ለኩ። መለኪያው እጃችሁ ላይ ነው። የትልቅ ሰው ስንዝር 20 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት ያለፈ ነው። እንደ ቪትዝና ኮሮላ ያሉት የከተማ መኪናዎች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ናቸው፤ ስንዝር አይሞሉም። እንደ ፕራዶና እንደ ሱዙኪ ጂምኒ ያሉት ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ናቸው፤ ስንዝር ያስገባሉ። ደግሞ ባዶውን መኪና ለክታችሁ አትተዉ። አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ድንች ሲጫንበት ዝቅ ይላል። ጭናችሁ ለኩ።

ሦስተኛ፣ ስለ ፎር ዊል ልንገራችሁ። ፎር ዊል ማለት ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያዞርለት መኪና ማለት ነው። ጭቃ ለበዛበት ዳገት ይህን የሚያህል የለም። ከባድ ማርሽ ያለው ከሆነ ደግሞ ከሶሮ በኩል ወደ ጊቤ ሸለቆ ለሚወርድ ሰው ይጠቅመዋል፤ ቁልቁለቱን ፍሬን ሳያቃጥል ቀስ ብሎ ይወርዳል። ነገር ግን ፎር ዊል ለሁሉም ሰው ግዴታ አይደለም። ዋጋው ይወደዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሲበላሽም ጥገናው ኪስ ያራቁታል። ጠጠር በፈሰሰበት መንገድ ላይ ለሚኖር ሰው ሆዱ ከፍ ያለ፣ ጎማው ጥርስ ያለው ተራ መኪና ይበቃዋል።

ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በፈረንሳይ አገር የሲትሮየን ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ፒየር ቡላንዤ ለገበሬ የሚሆን መኪና እንዲሠራ መሐንዲሶቹን አዘዘ። ገበሬውን ከ50 ኪሎ ድንቹ ጋር ትጫን፤ በታረሰ ማሳ ላይ ስትሄድም በቅርጫት ያለ እንቁላል አይሰበር አላቸው። መኪናዋ በ1941 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948፣ ለሕዝብ ታየች። ሞተሯ ትንሽ ነበር። የሚጎትቷትም የፊት ሁለት ጎማዎች ብቻ ነበሩ። ጥበቧ ከፍ ማለቷ፣ መቅለሏና ሞላዋ መለስለሱ ነበር። እንግዲህ ድንችና እንቁላል ለእኛም እንግዳ አይደሉም!

አራተኛ፣ ሒሳብ ሥሩ። አንድ ትልቅ መኪና በ1 ሊትር 7 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ትንሹ ደግሞ 14 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በሳምንት 140 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ ትልቁ 20 ሊትር፣ ትንሹ 10 ሊትር ይጠጣል። ልዩነቱ 10 ሊትር ነው። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏል። በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ በሳምንት 1,000 ብር፣ በዓመት 52,000 ብር ይሆናል። ይህን ማን ይከፍላል? እንደገና ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጅ ነው ወይ? ከመግዛታችሁ በፊት በቤተሰብ ተነጋገሩበት።

አምስተኛ፣ የመለዋወጫውን ነገር ጠይቁ። ባገራችን ቶዮታ የበዛው በውበቱ አይደለም። ዕቃው ይገኛል፣ መካኒኩም ያውቀዋል። ሆሳዕናና ዱራሜ ወዳሉት ጋራዦች ሂዱና «ይህ መኪና ቢሰበር ትሠሩታላችሁ? ዕቃው እዚህ አለ ወይስ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ መቶ ደላላ ከሚነግራችሁ ይበልጣል።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ወሰነ። ስለዚህ ገዢው ወይ አገር ውስጥ ካሉት አሮጌዎች ይመርጣል፣ ወይ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ያስባል። የኤሌክትሪክ መኪና ቤንዚን አይፈልግም፣ የሞተር ዘይት አይቀየርለትም። ቁልቁለት ሲወርድ ባትሪውን መልሶ ጥቂት ይሞላል፤ ይህ ለተራራ አገር መልካም ነው። ነገር ግን ባትሪው ያለው ከወለሉ ሥር ነው። ድንጋይ ሆዱን ቢመታው የሚጎዳው ከመኪናው ሁሉ ውድ የሆነው ዕቃ ነው። ስለዚህ ሥሩ በጠንካራ ብረት የተሸፈነ መሆኑን እዩ። መብራት በቤታችሁ ቢጠፋ ስንት ቀን እንደሚጠፋም አስቡ። ከተማ ውስጥ ለሚኖርና ከአስፋልት ለማይወጣ ሰው ይሆነዋል። ክረምት ከበጋ ጭቃ ለሚያቋርጥ ግን ገና ብዙ መጠየቅ አለበት።

አሮጌ መኪና ስትገዙ የምታምኑትን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። ሥሩ ይታይ፦ የተበየደ ሻሲ አለ ወይ? ባሌስትራው ተሰብሯል ወይ? ሞተሩ በብርዱ ሲነሣ ጭሱ ምን ይመስላል? ፎር ዊል ነው ከተባለ በእርግጥ መያዙ ጭቃ ላይ ይሞከር። ትርፍ ጎማው፣ ክሪኩ አለ ወይ? ከዚያም የሊብሬውን ቁጥር ከሻሲውና ከሞተሩ ቁጥር ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ስሙ በእናንተ ሳይዛወር በውክልና ብቻ አትግዙ። ፊደል የምታነቡ ሁሉ ይህን በዓይናችሁ አንብቡ እንጂ «አንብቤልሃለሁ» በሚል ሰው አትመኑ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከፍ ያለ መኪና ገዛሁ ብላችሁ ጎርፍ ውስጥ አትግቡ። የሚፈስ ውሃ ከጉልበት በታች ሆኖ እንኳ ትንሽ መኪናን ሊያንሳፍፍ ይችላል። ከፍ ያለ መኪና ደግሞ በመታጠፊያ ላይ በፍጥነት ከተነዳ ቶሎ ይገለበጣል። ዝግ ማለት ከሁሉ ይሻላል።

ወደ አባትየው ልመለስ። ያቺን የምታብረቀርቅ መኪና በኪሳራ ሸጧት። ከዚያ በፊት ግን ልጃቸውን ደውለው እውነቱን ነገሩት። ልጁም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ፣ «አባባ፣ ያን ጊዜ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሚስቴን በቃሬዛ መውሰዳችሁን ከሌላ ሰው ሰማሁ» አላቸው። በነሐሴ እኔና እሳቸው ከቤታቸው እስከ አስፋልቱ ዱላ ይዘን በእግራችን ሄድን። ዱካው ስንዝር ከሦስት ጣት የጠለቀበት ሁለት ቦታ አገኘን። አንዱን ቦታ ጎረቤት ተሰብስቦ በሁለት ቅዳሜ በድንጋይ ሞላው። ከዚያ በኋላ የተገዛችው መኪና አሮጌ ናት፣ ቀለሟም ደብዝዟል፤ ግን ከፍ ያለች ናት፣ የኋላ ወንበሯ ታጥፎ በሽተኛ ያስተኛል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። መኪና የሚገዛ ሰው ሰፈርተኛው እንዲያየው ብቻ አይግዛ። በሐምሌ ሌሊት፣ ዝናብ እየወረደ፣ በሽተኛ ተይዞ ቢወጣ ይደርሳል ወይ ብሎ ይጠይቅ። ይደርሳል ካላችሁ ግዙት። አይደርስም ካላችሁ ገንዘባችሁን ያዙና መጀመሪያ መንገዳችሁን ሥሩ።