መንገደኛው መምህርና የባላገሩ ማዕድ



የቀድሞው መንገደኛ ከአገሩ ሲወጣ በሶውን በአቅማዳ፣ ዳቦ ቆሎውን በቋጠሮ ይዞ ስለ ነበር፣ ስንቁ እስኪያልቅ ድረስ የሰው አገር ምግብ አያስፈልገውም ነበር። መምህር ግን በምደባ ደብዳቤ የሚጓዝ መንገደኛ ነው፤ ስንቁ የሚበቃው ለሳምንት ሲሆን የሚቀመጠው ለዓመታት ነው። ስለዚህ የሄደበት አገር ማዕድ እንደ አገር ጎብኚ ቀምሶት የሚያልፈው ነገር አይሆንለትም፤ ኑሮው ይሆናል። ከዚህም በቀር ሲበላ የሚያዩት የሚያስተምራቸው ልጆች ናቸው።

ከጎጃም ወይም ከሸዋ ደጋ ወጥቶ ወደ ጉራጌ፣ ወደ ሲዳማ ወይም ወደ ጋሞ የተመደበ መምህር፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ የተማሪ ወላጅ ቤት መጠራቱ አይቀርም። ቆጮ ይቀርባል። ከምግቡ አስቀድሞ የሚደርሰው ሽታው ነው። እንጀራ የለመደው እንግዳ ፊቱን ቀጨም አድርጎ፣ «ጠግቤ ነው የመጣሁት» ይላል። ባለቤቱም ጨዋ ስለ ሆነ «በሞቴ» ብሎ ሁለት ጊዜ ከለመነ በኋላ ይተወዋል። ነገሩ በዚህ ያበቃ ይመስላል። ነገር ግን ከምሰሶው ሥር የቆመው ልጅ ሁሉን አይቷል። በማግስቱ በቅጠል የተጠቀለለ ምሳውን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ተደብቆ ይበላል። ይህን ማንም በመዝገብ አይጽፈውም፤ ልጁ ግን ፊደል ሳይቆጥር የእናቱ እጅ ሥራ የሚያሳፍር መሆኑን ተምሯል።

ቆጮ እንዴት እንደሚሠራ ያወቀ ሰው ሽታውን እንደ ነውር አይቆጥረውም። እንሰት ከተተከለ በኋላ ለመፋቅ እስኪደርስ፣ እንደ አገሩ አየርና እንደ ዘሩ ዓይነት ከ4 እስከ 7 ዓመት ያህል ይጠበቃል። ሲደርስ ሴቶች ተሰብስበው የግንዱን ሽፋን ይገነጥላሉ፤ በተጋደመ ሳንቃ ላይ በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል፤ ሥሩንም ይከትፉታል። ከጭማቂው ወደ ታች የሚዘቅጠው ነጩ ነገር ቡላ ነው፤ የቀረውም በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ይቀበርና ድንጋይ ይጫንበታል። በዚያም ለሳምንታትና ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይብላላል። ተራው ሲደርስ ይጨመቃል፤ የቀረው ቃጫ እንዲያጥር በቢላዋ ይከተከታል፤ ከዚያ በኋላ በቅጠል ተሸፍኖ በምጣድ ላይ ይጋገራል። ደገኛውም ቢሆን የጤፍ ሊጡን ለቀናት የሚያቦካ ሰው ነው፤ ልዩነቱ የጊዜ ርዝመት ብቻ ነው። ታዲያ የኮመጠጠ እንጀራ የሚወድ ሰው በኮመጠጠ ቆጮ መገረሙ ራሱ የሚያስገርም ነው።

በቅጠል ተሸፍኖ መጋገሩንም ልብ ይሏል። በጎንደርና በጎጃም ድፎ ዳቦ የሚጋገረው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ነው፤ ኮባም እንሰት ነው። እንግዳ ነው ተብሎ የተገፋው ተክል በመምህሩ በራሱ እናት ጓሮ በቅሎ፣ የበዓል ዳቦውን ሲሸፍንለት የኖረው ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የእንሰትን ሥዕል አስፍሯል። ተቀቅሎ ሲበላ ጣዕሙ ገና በደንብ ያልበሰለ ትኩስ የስንዴ ዳቦ እንደሚመስል፣ ጤናማና ገንቢ ምግብም እንደ ሆነ ጽፎአል። ያው ብሩስ በኢትዮጵያ ጥሬ ሥጋ እንደሚበላ ቢናገር በለንደን ብዙዎች ውሸታም አሉት። ለደገኛው ክብር የሆነው ብርንዶ ለለንደን ሰው የማይታመን ተረት ነበር። እንዲሁም በባሮ ወንዝ ዳር በዓሣና በበቆሎ ገንፎ ያደገ ተማሪ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ቀዳዳ የበዛበትን ኮምጣጣ እንጀራ አይቶ ምን እንደሚያስብ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው።

አገሩ ሰፊ ነው፤ ማዕዱም እንደዚያው። በኮንሶ የማሽላ ወይም የበቆሎ ሊጥ በትንንሹ እየተድበለበለ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ተቀቅሎ ኩርኩፋ ይሆናል። በሲዳማ፣ ዩኔስኮ በ2015 በአውሮፓ አቆጣጠር በመዘገበው በፊቼ ጨምበላላ በዓል፣ ከእንሰትና ከቅቤ የተሠራው ቡርሳሜ ከወተት ጋር ይቀርባል። የቦረና ሰው ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሶ ይበላል፤ ቡና ቀላ ይባላል፤ ስሙም ከማረድ ጋር የተያያዘ ነውና ለእንግዳ የቀረበለት ሰው የቀረበለት ቡና ብቻ አይደለም። በዚያው አገር የወተት ዕቃ በእንጨት ጢስ ስለሚታጠን ወተቱ ጢስ ጢስ ይላል። ይህን ያልሰማ እንግዳ ወተቱ አርሯል ብሎ እንዳይመልስ ያስፈልጋል።

ይህ ሲባል መምህር የቀረበለትን ሁሉ ይዋጥ ማለት አይደለም። የጾም ቀን ጾም ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሌላው እምነት ሥርዓት የታረደ ሥጋ አለመብላቱ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ልማድ ስለ ሆነ፣ በግልጽ የተናገረውን ማንም አይቀየመውም። ከጥሬ ሥጋ ኮሶ ይያዛል፤ ስለዚህ ክትፎው ለብለብ ይደረግልኝ ማለት ነውር አይደለም፤ ጉራጌው ራሱ የሚያዘው ነገር ነው። ያልፈላ ወተትም በሽታ ሊያመጣ ይችላልና ይፍላልኝ ማለት ይቻላል። ምክንያቱን የሚናገር እንግዳና አፍንጫውን የሚይዝ እንግዳ አንድ አይደሉም፤ ልጆችም ለይተው ያውቃሉ።

ቀምሶ የወደደም ያልወደደም መምህር ከማዕዱ ብዙ ይዞ ወደ ክፍል ሊገባ ይችላል። ስለ እርሾና ስለ መብላላት ለማስተማር ከቆጮ ጉድጓድ የተሻለ ማስረጃ በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት አይገኝም። ለሒሳብም ቢሆን፣ ለመፋቅ ብዙ ዓመት የሚጠበቅ ተክል ያለው ቤተሰብ በየዓመቱ ስንት እግር ቢተክል እንደማይራብ አስሉ ሲባሉ፣ ተማሪዎቹ መልሱን ከእናቶቻቸው ጠይቀው ይመጣሉ። በዚያን ቀን መልሱን የሚያውቁት እናቶች ናቸው፤ መምህሩም ጻፊ ይሆናል።

ለክረምት ወደ አገሩ የሚመለስ መምህር አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ቡላ ይዞ ይገባል። እናቱ በቅቤ ገንፎ አድርጋ ከቀመሰች በኋላ፣ «ይህ እህል በየትኛው ማሳ ነው የሚዘራው?» ብላ ትጠይቀዋለች። እርሱም ከደጅ ይዟት ወጥቶ ጓሮ የቆመውን ኮባ ያሳያታል።