ዝክረ ስንዱ ገብሩ



ከጋምቤላ ወደ ደጋ ሲወጡ የምትገኘው ጎሬ፥ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ በወደቀች ጊዜ የአርበኞች መሰብሰቢያ ነበረች። በስዊስ አገር ተምረው የተመለሱት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ወደዚያ ሄደው ከጥቁር አንበሳ ሠራዊት ጋራ ተሰለፉ። ኋላም ተማርከው ባሕር ማዶ በአዚናራ ደሴት ታሰሩ።

ከግዞት ሲመለሱ የጦር ሜዳውን ክብር ለስም መጠሪያ አላደረጉትም፤ ሴቶች ልጆችን ማስተማር ያዙ እንጂ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዲሬክተር ሆኑ። በ1950 ዓ.ም. ሕዝብ መርጧቸው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ለመሆን በቁ። በ2001 ዓ.ም. ዐረፉ።

ስንዱ ማለት የተሰናዳ ማለት ነው። ለአገር መሞት የአንድ ቀን ነው፤ ለአገር መኖር ግን የዕድሜ ልክ ሥራ ነው፤ እርሳቸው ለሁለቱም ተሰናድተው ተገኙ። በዚህ ሰበካ ሕፃናትን ፊደል የሚያስቆጥር፥ ድውይን የሚጎበኝ ሁሉ የእርሳቸው ባልንጀራ ነው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋራ ያኑር።