ስለ አባቶች የግንብ ጥበብና ስለ ማስተማሩ



ሰው የሚኖርበትን ቤት ማን እንዴት እንደ ሠራው ሳይጠይቅ በውስጡ ሊያረጅ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የሚነገረው ስለ ግድግዳ ነው።

በደብረ ዳሞ ያለው ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን ግንቡ ድንጋይና እንጨት ተራ በተራ የተነባበረበት ነው። ረጅሙ እንጨት በግንቡ ርዝመት ይጋደማል፤ አጭሩ ግንድ ደግሞ ግንቡን አቋርጦ ያስረዋል፤ ጫፉም ወደ ውጭ ብቅ ስለሚል «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ ይመስላል፤ ነገር ግን ግንቡን አንድ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ ነው። በአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች ላይ ይኸው የእንጨት ጫፍ በድንጋይ ተቀርጾ ይታያል። በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ጥቁሩ እንጨትና ነጩ ልስን ይፈራረቃሉ። በላሊበላም ቤተ አማኑኤልን የፈለፈሉት ሰዎች፥ አለቱ እንጨት ሳያስፈልገው፥ የእንጨቱን ተራ በአለቱ ላይ ጠርበው አሳይተዋል። ብዙ መቶ ዓመት የዘለቀ ትምህርት ነውና መምህራን ነበሩት ማለት ነው፤ ስማቸው ግን አልተጻፈም።

በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ተቋም ተከፍቶ ለአገር ጠቅሟል። ነገር ግን በብዙ አገር የሕንፃ ትምህርት ከግሪክና ከሮማ ሲጀመር ኖሯል፤ የዓምዶቻቸውን ስም የሚዘረዝር ተማሪ ማገርና ወጋግራ ምን እንደሚሠሩ ቢጠየቅ ዝም ቢል አያስደንቅም።

ጥፋቱ ግን የባዕድ ብቻ አይደለም። አንጥረኛው፥ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ በገዛ ወገናቸው ተንቀዋል፤ አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። የተናቀ ሰው ጥበቡን ለልጁ ለማውረስ ምን ደስታ ይኖረዋል?

የጥንቱ ሁሉ መልካም ነው ማለትም አይደለም። የሣር ክዳን ለእሳት፥ እንጨት ለምስጥ ይጋለጣል፤ እዚህ ላይ አዲሱ ትምህርት ይረዳል። በአሮጌ የጭቃ ግንብ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን ግን ርጥበቱ መውጫ ያጣና ግንቡ ከውስጥ ይፈርሳል። ይህን ጭቃ በጭድ አቡክቶ ያደገ ሽማግሌ ግንበኛ ከእጁ ያውቀዋል።

እንግዲህ የደብር ግንብ በሚጠገንበት ጊዜ ንድፉን የሚነድፈው ወጣትና ግንቡን የሚያውቀው ሽማግሌ በአንድ ቀን ይጠሩ። ሽማግሌው እንደ ቀን ሠራተኛ ሳይሆን እንደ መምህር ይከፈለው፤ ስሙም በንድፉ ላይ ይጻፍ፤ ከንድፉም አንዱ ቅጅ በእጁ ይቅር።