«ተጫወትን» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በመዋለ ሕፃናታችን መምህርት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በአጀንዳው ላይ ስለሰፈረው ስለ መዋለ ሕፃናታችን ነው። እንደምታውቁት ሁለት ሐሳቦች ቀርበዋል። አንደኛው ልጆቹ የሚጫወቱበት ግቢ ላይ የባልትና መሸጫ ሠርተን ገቢያችንን እናሳድግ የሚል ነው። ሁለተኛው የጨዋታው ሰዓት ተቀንሶ ልጆቹ ደብተር ላይ ይበልጥ ይጻፉ የሚል ነው። ሁለቱም ከቅን ልብ የመጡ ናቸው። ገቢ ያስፈልገናል፤ ልጆቻችንም ከማንም ልጅ እንዳያንሱ እንፈልጋለን። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ግን ልጆቹ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፉ ላስረዳችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው። ማታ ልጇን ልትወስድ የመጣች እናት «ዛሬ ምን ተማርክ?» ትላለች። ልጁ «ተጫወትን» ይላል። ይህች እናት በሌሊት ተነሥታ እንጀራ ጋግራ፣ ወይም ጉሊት ላይ ፀሐይ ሲመታት ውላ፣ ከምታገኛት ላይ ቆርሳ ነው የምትከፍለው። «ለመጫወትማ ሰፈርም ይጫወት ነበር» ብትል አይፈረድባትም። ስለዚህ ልጁ «ተጫወትን» ሲል ምን ሲሠራ እንደዋለ በየተራ ልንገራችሁ።

ከገበያው ጥግ ልጀምር። በክፍላችን አንድ ማዕዘን ላይ ባዶ ጣሳ፣ ቆርኪ፣ ከጭቃ የተሠራ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ከካርቶን የተቆረጠ «ብር» አለ። አንዷ ሻጭ ትሆናለች፣ ሌላው ገዢ ይሆናል። ሻጯ አምስት ቲማቲም ስትቆጥር አንድ በአንድ እየነካች ነው። አንድ ቁጥር ለአንድ ነገር መሆኑን የምትረዳው እዚያ ነው። እስከ ሃያ በቃሉ የሚቆጥር ብዙ ልጅ አለ፤ «ስድስት ባቄላ ስጠኝ» ብትሉት ግን እፍኝ ሙሉ ይዘግንላችኋል። ገዢው ደግሞ «ውድ ነው»፣ «መርቂልኝ» እያለ ይከራከራል፤ ተራውን ይጠብቃል፤ በመጨረሻም ይስማማል። ይህ ሁሉ ቋንቋ ነው፣ ሒሳብ ነው፣ ከሰው ጋር መኖርም ነው። ሻጭ የሆነችው ልጅ ብትናደድም ገበያዋን ጥላ አትሄድም፤ ሻጭ እንደዚያ አያደርግምና ራሷን ትገታለች። ሌቭ ቪጎትስኪ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ሕፃን በእንዲህ ያለ የማስመሰል ጨዋታ ውስጥ ሲሆን ከዕድሜው ከፍ ያለ ባሕርይ ያሳያል ያለው ይህንን ዓይነቱን ነገር አይቶ ነው። የእኛ እናቶችማ ጨዋታውን «እቃቃ» ብለው ሲያውቁት ኖረዋል።

ቀጥሎ የእጅ ሥራው አለ። ልጆቹ ባቄላና ሽንብራ ይለያሉ፣ ቆርኪ በክር ይሰካሉ፣ ሊጥ ያቦካሉ፣ ወረቀት ይቀዳሉ፣ ጭቃ ይደበልላሉ። ፈትል የምትፈትሉ እናቶች ጣት በአንድ ቀን እንደማይሰለጥን ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። የአራት ዓመት ልጅ እጅ ገና አልጠነከረም። ያለ ዝግጅት እርሳስ ስናስይዘው በመላ ክንዱ ይጫነዋል፣ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ እጁ ይደክማል፣ ደብተርም ያስጠላዋል። ሊጥ ሲያቦካ የከረመ ጣት ግን እርሳሱን በሦስት ጣት ይይዛል። ስለዚህ ሊጡ የጽሕፈት መጀመሪያ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

ግቢውስ? እዚያ ሰኞ ማክሰኞ አለ፣ ገመድ ዝላይ አለ፣ ድብብቆሽ አለ፣ አሮጌ ጎማ መንዳት አለ። በአንድ እግሩ እየዘለለ መስመር ሳይረግጥ ዞሮ የሚመለስ ልጅ ሚዛኑን ይጠብቃል፣ የሳጥኖቹን ተራ ያስታውሳል፣ ሲሳሳትም ለሌላው ይለቃል። ድብብቆሽ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚጠብቅ ልጅ ማየት እየፈለገ አለማየትን ይለማመዳል። ይህ ራስን የመግዛት ችሎታ በኋላ አንደኛ ክፍል ገብቶ ተቀምጦ ለማዳመጥ የሚያስፈልገው ነው። አብዛኞቹ ልጆቻችን የሚኖሩት በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው፤ ከበራቸው ውጭ ያለው ደግሞ መኪና የሚመላለስበት መንገድ ነው። ሳይፈሩ የሚሮጡበት ቦታ ያ ግቢ ብቻ ነው።

አሁን ብዙዎቻችሁን ወደሚያሳስባችሁ ወደ ፊደሉ ልምጣ። የአማርኛ ፊደል 33ቱ በ7 ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል። ለትንሽ ልጅ ብዙ ነው። በዜማ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» የሚወርድ ልጅ አለ፤ መሐል ላይ አንዱን ጠቁማችሁ «ይህ ማነው?» ስትሉት ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊዘልቅ ይሞክራል። ዜማው መጥፎ አይደለም፣ አያቶቻችንም የተማሩበት ነው። ግን ጆሮም መሠልጠን አለበት። ስለዚህ «በ‹ላ› የሚጀምር ምን አለ?» እያልን እንጫወታለን፤ ላም፣ ላባ፣ ላስቲክ ይላሉ። «‹ሉ›ስ?» ስንል ድምፁ መለወጡን ይሰማሉ። እንቆቅልሽ እንጠያየቃለን፣ ተረት እንነግራቸውና «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» እንላቸዋለን። የድምፁን ልዩነት የለየ ጆሮ ምልክቱን ለመለየት አይቸገርም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ጨዋታ ስል ልጆቹን ግቢ ውስጥ ለቅቆ መቀመጥ ማለቴ አይደለም። መምህሯ ዕቃውን አስባ ታዘጋጃለች፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ ማን ዝም እንደሚል፣ ማን እንደሚገፋ ትመለከታለች፤ የካርቶን ግንቡ ሲወድቅ ራሷ አታነሣውም፣ «ለምን የወደቀ ይመስልሃል?» ትላለች። ልጁ ትልቁን ካርቶን ከታች ማድረግን በራሱ እጅ ይደርስበታል። ይህን ለማድረግ ልጆቹ ከአንዲት መምህርት አቅም በላይ መሆን የለባቸውም።

ይህ ለሀብታም አገር ልጅ የሚሆን ቅንጦት ነው የሚል ካለ ሦስት ምሳሌ ልጥቀስ፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤቷን በ1907 የከፈተችው ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር፣ ወላጆቻቸው ሥራ ለሚውሉ ልጆች ነበር። በ1962 ደግሞ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ይፕሲላንቲ ከተማ ውስጥ ከድሃ ቤተሰብ የተወለዱ 123 ጥቁር አሜሪካውያን ልጆችን ያካተተ ጥናት ተጀመረ። በመዋለ ሕፃናቱ የገቡት ልጆች የሚሠሩትን ራሳቸው ያቅዱ፣ ይሠሩ፣ ከዚያም ያደረጉትን ይናገሩ ነበር፤ መምህራኑም በየሳምንቱ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ልጆቹ 40 ዓመት ሲሞላቸው፣ ከተማሩት መካከል ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት 77 በመቶ ሲሆኑ፣ ያንን ዕድል ካላገኙት ግን 60 በመቶ ነበሩ።

ሦስተኛው ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን፣ በምግብ እጥረት ምክንያት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ባጠረ 129 ሕፃናት ላይ በ1986 ጥናት ተጀመረ። ከእነርሱ ለከፊሎቹ የጤና ሠራተኞች ለሁለት ዓመት በሳምንት አንድ ጊዜ ቤታቸው እየሄዱ፣ እናትየዋ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ ያሳዩ ነበር። መጫወቻዎቹ ቤት ውስጥ ካለ ዕቃ የተሠሩ ነበሩ። ከ20 ዓመት በኋላ የእነዚህ ልጆች ገቢ ያንን ካላገኙት በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። ለዚያ ያበቃቸው እናት፣ ጊዜና ጨዋታ ነው።

አገራችንም ይህን ተቀብላለች። የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በ2010 በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አለ፤ ከዚያ ወዲህም በመንግሥት ትምህርት ቤቶች «ኦ ክፍል» ተስፋፍቷል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 31 መጫወትን መብት ብሎ አስቀምጦታል።

«የጎረቤቴ ልጅ በእንግሊዝኛ ስሙን ይጽፋል፣ የእኔ ግን ገና ጭቃ ያቦካል» የምትሉ እናቶች ሥጋታችሁ ይገባኛል። አንደኛ ክፍል ሲገቡ ፊደልና ቁጥር ይጠየቃሉ፤ እኛም እናስተምራቸዋለን። ትልልቆቹ በየቀኑ ይጽፋሉ። የምንለምነው የሦስትና የአራት ዓመቶቹ ዕድሜ እንዳይነጠቅባቸው ነው።

ቤት ውስጥም የምታግዙን ነገር አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ምስር ስትለቅሙ ጥቂት በሰፌድ ስጡትና ድንጋዩን ይፈልግ። ልብስ ስታጥፉ ካልሲውን ከጓደኛው ያጋጥም። ገበያ ስትሄዱ «ትልቁ የቱ ነው? የሚከብደውስ?» በሉት። ማታ ደግሞ «ምን ተማርክ?» ከማለት «ከማን ጋር ተጫወትክ? ምን ሆንክ? ምን ሠራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። ያን ጊዜ የዋለበትን ሁሉ ይነግራችኋል።

ልመናዬን ልጨርስ። አባላት ሆይ፣ ባልትናው ይሠራ፤ ግን ከመንገዱ በኩል ባለው ዕቃ ቤት ቦታ ይሁን፤ ግቢው ለልጆቹ ይቅር። በወር አንድ ቅዳሜ ደግሞ ወላጆች ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ይመልከቱን፤ ጥያቄ ያላት ልጇን እያየች ትጠይቀን። ወዳጆቻችን ሆይ፣ ከውጭ የሚመጣ መጫወቻ ከመግዛት ይልቅ ለግቢው ጥላና የእጅ መታጠቢያ ውኃ፣ ለመምህርቷም አንዲት ረዳት ብትደግፉልን ይሻላል። ጣሳውን፣ ቆርኪውንና ካርቶኑን እኛ እንሰበስባለን።