ናፍጣና መድኃኒቱ



ሞተር ጥቁር ጭስ ባወጣ ጊዜ ባለመኪናው ናፍጣ ላይ የሚጨመር መድኃኒት ለመግዛት ይቸኩላል። ይህ መድኃኒት ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ በአጭሩ እናስረዳለን።

ሩዶልፍ ዲዝል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. አሠርቶ ያሳየው ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩ በኃይል ሲታመቅ እጅግ ይግላል፤ በቀጭን ቀዳዳ የሚረጨው ናፍጣም በዚያው ግለት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ናፍጣው ቶሎ የሚቀጣጠል፣ ቀዳዳውም የጠራ ሊሆን ይገባል።

መድኃኒቱ ልዩ ልዩ ዓይነት ነው። አንዱ በመርጫው ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ ያጥባል። ሁለተኛው ናፍጣው ቶሎ እንዲቀጣጠል ይረዳል። ሦስተኛው፣ ድኝ ሲወጣለት የማለስለስ ኃይሉ የቀነሰውን ናፍጣ አሻሽሎ ፖምፓው እንዳይበላ ይጠብቃል።

ነገር ግን የተበላ ፋሻ አያድስም፤ የቆሸሸ ፊልትሮም አያጠራም። ከታዘዘው መጠን በላይ መጨመርም ትርፍ የለውም። ወጪ ለመቀነስ ሲል ነጭ ጋዝ የሚቀላቅል ሰው ደግሞ የናፍጣውን የማለስለስ ኃይል ስለሚያሳጣ ፖምፓውን በገዛ እጁ ይጎዳል።

እንግዲህ አስቀድመን ፊልትሮውን በጊዜው እንለውጥ፤ በነዳጅ ማጠራቀሚያው ሥር የተኛውን ውኃ እናፍስስ፤ መርጫውን እናስመርምር። መድኃኒቱ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ጭሱን የምንተነፍሰው ሁላችን ነንና ነገሩ የባለመኪናው ብቻ አይደለም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለሞተርም ይሠራል።